በእግሬ የሚሞላው ፓቴክ

የሥራ መደቤ ክንድ ነው። ሌላው ሰው ነርስ፣ መሐንዲስ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ይባላል፤ እኔ ክንድ ነኝ። የጋሼን ሰዓቶች ሁለቱም እጆቼ ላይ አስሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ስንቀዋለል እውላለሁ። አውቶማቲክ ሰዓት የሚኖረው ባሰረው ሰው እንቅስቃሴ ነው፤ ክንድ ሲወዛወዝ ሆዱ ውስጥ ያለች ክብደት ትዞራለች፣ እሷ ስትዞር ሰዓቱ ይሞላል። ጋሼ ደግሞ አይንቀሳቀሱም። ሴራሚክ አስመጪ ናቸው። የከተማው ግማሽ ሰው የሚታጠበው እሳቸው ባስመጡት ንጣፍ ላይ ቆሞ ነው፤ እሳቸው ግን ከወንበር የሚነሡት ወደ ሌላ ወንበር ለመሄድ ብቻ ነው።

በፊት ሰዓት የሚያሽከረክር የኤሌክትሪክ ሣጥን ነበራቸው። አንድ ሳምንት መብራት ጠፋና ሰዓቶቹ ቆሙ። ጋሼ ተናደው ሣጥኑን ለሾፌሩ ሰጡት፤ ሾፌሩ ሽንኩርት ያስቀምጥበታል። ከዚያ "ንቁ፣ ጤናማና የተማረ" የሚል ማስታወቂያ ወጣ። እኔ የተማርኩት ፍልስፍና ነው። ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ጊዜ ምንነት መሆኑን ደረቴን ነፍቼ ተናገርኩ።

"በጣም ጥሩ" አሉ ጋሼ። "እስኪ እጅጌህን ሰብስብ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ "ክንዴ" ሆነ።

የቤቱ ሕግ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አትቀመጥ። ሁለተኛ፣ ሰዓቱ ጎን ላይ ያለችውን መሙያ አትንካ። የእህታቸው ልጅ አንዴ ሲጎረጉር ነቅሏት፣ ይኸው እስከ ዛሬ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ሰዓት ማስተካከል ካስፈለገ ጋሼ ራሳቸው መሙያዋን በሁለት ጥፍራቸው ሳብ ያደርጉና ወደ በሩ ይጮኻሉ፦ "ዘበኛ! ስንት ሰዓት ነው?" ዘበኛው የፕላስቲክ ካሲዮውን ያይና ይነግራቸዋል። በግራ እጄ ያለው ሮሌክስም በቀኜ ያለው ብራይትሊንግም የሚቃኙት በዘበኛው ካሲዮ ነው። በግቢው ውስጥ ይህ ነገር የሚያስቀው እኔን ብቻ ነበር፤ እኔም ብሆን የምስቀው እየተራመድኩ ነው።

የሥራው ዋና ጥቅም ቤቱ ነው። ከግቢው ጀርባ ያሉት ሁለት ክፍሎች ከክንድነቱ ጋር የሚሰጡ ናቸው። አንደኛው ውስጥ የባለቤቴ የልብስ ስፌት መኪናና የደንበኞቿ ጨርቅ ተቆልሏል፤ ሌላኛው ውስጥ የእኛ አልጋና ገና ያልመጣ ሰው አልጋ አለ። ባለቤቴ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። በመስኮቷ ፊት ባለፍኩ ቁጥር ቀና ትልና "ባል አገባሁ ስል ፔንዱለም አገባሁ!" ትለኛለች። በቀን መቶ ጊዜ ሳላልፍ አልቀርም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ ጉባኤ አለ። የሚሰበሰቡት ጋሼ፣ ጥርስ ሐኪሙና ጠበቃዋ ናቸው። እንግዶቹ ሰዓታቸውን አውልቀው አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ያስቀምጣሉ፤ የጋሼ ሰዓቶች ግን እጄ ላይ እንዳሉ ጠረጴዛውን ይዞራሉ። እኔም አብሬያቸው እዞራለሁ።

"ሮሌክስ" አሉ ጋሼ በዚያ ቅዳሜ፣ ወደ ግራ እጄ እየጠቆሙ፣ "ክብደቱ ወደ ግራም ሲዞር ይሞላል፣ ወደ ቀኝም ሲዞር ይሞላል። አንዲት ነገር አትባክንም።"

"የሚባክነው ሰውዬው ነው" አለች ጠበቃዋ።

"ኦሜጋ ጨረቃ ላይ ደርሷል" አለ ጥርስ ሐኪሙ ጨርቁ ላይ ያለውን የራሱን ሰዓት እየጠቆመ። ይህን ሳይል ያለፈ ቅዳሜ የለም።

"የደረሰው ሰዓቱ ነው። አንተ ገና ሁለተኛ ፎቅ ክሊኒክህ ውስጥ ነህ" አሉት ጋሼ። "ደግሞ በየጠዋቱ እየተነሣህ በእጅህ ትሞላዋለህ አሉ! እኔ ሰዓቴን በእጄ ልሙላ? ታዲያ ከተራው ሰው በምን ተለየሁ?"

"ደስ ይለኛል እኮ ጋሼ። በጠዋት ተነሥቼ ክርክር ሳደርገው አገር ሰላም ይሆንልኛል።"

"ጥርስ መቦርቦር ለምዶብህ ነው። የሚዞር ነገር ካልያዝክ እጅህን ይበላሃል።"

ጠበቃዋ ካርቲየሯን ከጨርቁ ላይ አንሥታ በመሐረብ ጠረገችው። "የእኔ ባትሪ ነው፤ ተገላገልኩ። መልኩን እዩልኝ እንጂ ሆዱ ውስጥ ያለው ምን ያደርግልኛል? ደንበኞቼንም የምይዛቸው እንደዚሁ ነው።"

ጋሼ ስቀው ከጨረሱ በኋላ ከወንበራቸው ሥር አንድ ሣጥን አወጡ። ጥርስ ሐኪሙ ሣጥኑን ሲያይ መነጽሩን አስተካከለ። ውስጡ አንድ ፓቴክ ፊሊፕ አለ፤ ስስ፣ ባለ ወርቅ ጀርባ፣ ድምፁን አጥፍቶ የሚሠራ። ያመጣው ወኪል በጠዋት አስተካክሎ አስረክቧቸው ሄዷል።

"ማሽኑስ ምንድን ነው?" አለ ጥርስ ሐኪሙ።

"ምን 'ማሽኑስ' ትለኛለህ? ፓቴክ እኮ ነው! አውቶማቲክ ነዋ! እንደ አንተ በጠዋት የሚታለብ መሰለህ?" ብራይትሊንጉን ከቀኝ እጄ ፈትተው ፓቴኩን አሰሩልኝ። "ክንዴ፣ ይህ ሰዓት ከእኔም ካንተም በላይ ነው። በል ተራመድ።"

ተራመድኩ። ሰኞ ጠዋት ፓቴኩ ቆመ።

ሾፌሩ ሰፈሩ ውስጥ ካለው ትልቅ ሕንፃ ደረጃ ሥር ወደምትሠራው ሰዓት ሠሪ ይዞት በረረ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፓቴኩ እየሠራ ይዞት ተመለሰ። "ምንም የለበትም አለች" አለ።

ጋሼ ሰዓቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። "ሰዓቱ ምንም ከሌለበት" አሉ ቀስ ብለው፣ "ያለብህ አንተ ነህ።"

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እግሬ ከእኔ ፈቃድ ወጣ። ምሳዬን እየዞርኩ በላሁ። በቀኝ እጄ ምንጣፍ ደበደብኩ፣ መስኮት ወለወልኩ፣ ለማላውቃቸው መንገደኞች በአጥሩ ላይ እጄን አውለበለብኩ። እርምጃ የሚቆጥር መሣሪያ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ታሰረልኝ፤ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ የዚያን ቀኑን ብቻ ሠላሳ አንድ ሺህ ብሎ ጻፈ። ሲያልበኝ ፓቴኩ ላይ ጠብ እንዳይልበት ቀኝ እጄን ራቅ አድርጌ እይዛለሁ፤ አንድ ነገር ለሌባ የማቀብል ነው የምመስለው።

"ምናልባት ደምህ ይሆናል" አለኝ ዘበኛው፣ በበሩ ሳልፍ።

"ምን ያለ ደም?"

"አንዳንድ ሰው ሰዓት ይገድላል። አጎቴ እንዲያ ነበር። እሱ ከገባ ግድግዳ ላይ ያለው ሳይቀር ይቆማል።"

"ታዲያ ሮሌክሱ ለምን አይሞትም?"

ዘበኛው አሰበበት። "ሮሌክስ ጠንካራ ነው" አለ።

ረቡዕ ጠዋት ፓቴኩ እንደገና ቆመ። ፍልስፍና የተማረ ሰው በሁለት በሁለት ቀን የሚደጋገም ነገር ሲያይ ሕግ መኖሩን መጠርጠር ነበረበት። እኔ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ምናልባት ስራመድ ልቤ የለም። ምናልባት ክንዴ የሚወዛወዘው ለይምሰል ነው። ጋሼም ያሉኝ ይህንኑ ነው።

"ለሮሌክስ ትራመዳለህ፣ ለፓቴክ ታዘግማለህ!"

"ጋሼ፣ ሁለቱም እኮ አንድ ሰው ላይ ናቸው…"

"አቁም! አይ፣ አትቁም፤ እየሄድክ ስማኝ። ቅዳሜ ሰዎቹ ፊት ይህ ሰዓት ቆሞ ከተገኘ፣ እሑድ የሁለቱን ክፍሎች ቁልፍ ለዘበኛው ታስረክባለህ። መራመድ የሚችል ሰው ሞልቷል።"

ይህን በጀርባዬ ነው የሰማሁት፤ ዞሬ እስክመለስ ጨርሰው ነበር።

ባለቤቴ ስትሰማ የስፌት መኪናዋን መርገጫ ለቀቀች። "ጨርቁን ልጠቅልል እንዴ?" አለች። ከዚያ ሆዷን ያዘችና በመስኮቱ ግቢውን አየች። "ይሄ ልጅ መንገድ ዳር ቢወለድ ባሻገር እያለፍክ 'እንኳን ማርያም ማረችሽ' ትለኛለህ፤ አትቆምማ።"

እየሳቀች ነበር፤ ክሩን መርፌው ውስጥ ለማስገባት ግን ሦስት ጊዜ ሳተችው።

ሾፌሩ ፓቴኩን ለሁለተኛ ጊዜ ወሰደው፣ ለሁለተኛ ጊዜ "ምንም የለበትም" ብሎ መለሰው። ዓርብ ጠዋት፣ እኔም ሰዓቱም እንደለመድነው፣ ፓቴኩ ቆመ። ዕድል ሆኖ ጋሼ ገና አልተነሡም፤ ሾፌሩም ንጣፍ ሊያወጣ ጉምሩክ ሄዷል። ዘበኛውን "እርምጃዬን ውጭ ልጨምር" ብዬ ሮጥኩ።

ሰዓት ሠሪዋ ስልሳውን ያለፉ ሴት ናቸው። ደረጃው ሥር ያለችው ክፍላቸው ቆሞ የሚገባባት አይደለችም፤ እጥፍ ብዬ ገባሁ። ማጉያ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ታስሯል።

"ዛሬ ሾፌሩ ቀረ?" አሉና ፓቴኩን ከእጄ ተቀበሉ። ሌላ ሰዓት በዓይናቸው እየመረመሩ፣ የፓቴኩን መሙያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሐል ክር እንደሚፈትል ሰው አሽከረከሯት። ክርክር፣ ክርክር፣ ክርክር። የሴኮንዷ ዘንግ ተነሥታ ሄደች። "ይኸው" አሉኝ።

"ምን አደረጉት እትዬ?"

"ሞላሁት።"

"አውቶማቲክ እኮ ነው!"

ያን ጊዜ ነው ቀና ብለው ያዩኝ። የወርቁን ጀርባ ከፈቱና ወደ መብራቱ አስጠጉት። ጥርስ ያላቸው ትንንሽ ጎማዎች፣ ቀያይ ነጠብጣቦች፣ የምትተነፍስ የምትመስል አንዲት ጸጉር የምታህል ሽቦ አየሁ።

"ግራ እጅህን ጆሮህ ሥር ነቅነቅ አድርግ" አሉኝ። ሮሌክሱ ውስጥ አንድ ነገር ሽው ብሎ ሲዞር ተሰማኝ። "እሱ ክብደቱ ነው። እዚህኛው ላይ አሳየኝ እስኪ። የታለ?"

የለም።

"ልጄ፣ ይሄን አስረህ ዓለምን ሦስት ጊዜ ብትዞር አንዲት ደቂቃ አይሞላልህም። በእጅ የሚሞላ ነው። ፓቴክ ሁለቱንም ዓይነት ይሠራል፤ ይሄ የእጁ ነው። አንዴ ከሞላ ሁለት ቀን ገደማ ይሄዳል።"

"ታዲያ ለሾፌሩ ለምን አልነገሩትም?"

"ምን ብዬ? በሁለት በሁለት ቀን ያመጣልኛል፣ እሞላለሁ፣ ይወስዳል። ሰዓቱን ሰው እያስሞላ የሚኖር ሀብታም ነው ብዬ አለፍኩ። አይኖርም እንዴ?"

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከእኔ የተሻለ ሰው በከተማው ውስጥ አልነበረም። ሥራዬ ምን እንደሆነ፣ ከሰኞ ጀምሮ በቀን ስንት እርምጃ እንደምራመድ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ቀጥሎ ማጉያው ከግንባራቸው ወርዶ አፍንጫቸው ላይ ተንጠለጠለ። ሲስቁ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች ሁሉ የተነቀነቁ መሰለኝ።

"ሠላሳ አንድ ሺህ!" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "በል፣ ጠዋት ጠዋት ሠላሳ ጊዜ ያህል አዙራት፤ ስትጠነክርብህ ተዋት። ሌላ አትፈልግም።"

ስመለስ ሰዓቱ ይሠራል፤ እኔ ነኝ የቆምኩት። የባለቤቴ ስፌት ክፍል ውስጥ ገብቼ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ሰዓት ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት።

"ንገራቸዋ!" አለች። ከንፈሯ መሐል ስፒል አለ።

"ምን ብዬ? 'ጋሼ፣ ተራ ሰው የሚሞላው ዓይነት ነው የገዙት' ልበል? ሰው ፊት የተናገሩትን ታውቂያለሽ። እንዲህ ያለ ነገር የሚያውቅ ሰው ግቢያቸው ውስጥ ያሳድራሉ?"

"ቆሞ ቢያገኙትም አያሳድሩህም።"

"እኮ!"

ተነሥቼ መራመድ ጀመርኩ፤ ክፍሉ ሦስት እርምጃ ነው። ስፒሉን ከአፏ አወጣችው። "እንግዲያው ነገ ጠዋት ሙላውና አፍህን ዝጋ። አፍ መዝጋት ባትሪ አይጨርስም።"

ቅዳሜ ጠዋት ከተቆለለው ጨርቅ ኋላ ተደብቄ መሙያዋን ነካሁ። ሁለት ዓመት ያልጣስኩትን ሕግ ጣስኩ። እስከ ሠላሳ ድረስ ቆጠርኩ፤ ጠነከረችብኝ፤ ተውኳት።

ከሰዓት ጋሼ ከወትሮው ቀደም ብለው በረንዳው ላይ ተሰየሙ። ፓቴኩ እየሠራ ሲያዩት ፊታቸው በራ። "አያችሁ?" አሉ እንግዶቹን። "ሳምንቱን ሙሉ ሲለግም ቆየ፤ አንድ ቀን ብቆጣው ተስተካከለ።"

"ሰዓቱ ወይስ ሰውዬው?" አለች ጠበቃዋ።

"ሁለቱም!"

ከእጄ ፈትተው ለጥርስ ሐኪሙ አቀበሉት። ሐኪሙ ጆሮው ሥር አድርጎ ነቀነቀው። ደግሞ ነቀነቀው። ያልታመመ ጥርስ እንዲነቀልለት የመጣ ሰው ያየ ይመስል ግንባሩን ቋጠረ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ በእጅ የሚሞላ ነው።"

"አትቀልድ።"

"ክብደት የለውም። ሲዞር አይሰማም።"

"ፓቴክ ነዋ! የአንተ ኦሜጋ ነው እንደ ቆርቆሮ የሚንኳኳው!"

"የእኔም እኮ ክብደት የለው…"

"ክርክሩ ይብቃ፤ በማስረጃ ይታይ" አለች ጠበቃዋ ወንበሯን ስባ፤ እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። "ሰዓቱ እዚሁ ተቀምጦ እስኪቆም ይጠበቅ። ከቆመ በኋላ ክንዴ አስሮት፣ መሙያዋን ሳይነካ፣ እኛ እያየነው ይራመድ። ከተነሣ አውቶማቲክ ነው። ካልተነሣ…"

"ይሁን!" አሉ ጋሼ። "ምን ጠባቂ አስፈለገ! ክንዴ ሳምንት ሙሉ እጁ ላይ ይዞታል። ክንዴ፣ ንገራቸው። በምን ነው የሚሞላው?"

እግሬ ቆመ። እኔ አላቆምኩትም፤ ራሱ ነው። ከጀርባ ይሰማ የነበረው የስፌት መኪና ድምፅም አብሮ ቆመ፤ መስኮቱ ክፍት ነው። ጋሼ እግሬን አዩ። ከዚያ ፊቴን። ሁለት ዓመት ስዞራቸው ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም ነበር። ቀስ በቀስ፣ እንደሚደርቅ ሲሚንቶ፣ ፊታቸው መልክ ለወጠ። ገባቸው። የገባቸው ደግሞ እኔ እንደማውቅ ጭምር ነው።

"አውቶማቲክ" ብል ሁለት ቀን ቆይቶ ጨርቁ ላይ ይጋለጣሉ። "በእጅ" ብል አሁኑኑ ይዋረዳሉ። በየትኛውም በኩል ቁልፉ ዘበኛው እጅ ይገባል።

"ጋሼ" አልኩ፣ "እንግዲህ ልናገረው? እርስዎ 'እስከ ቅዳሜ አትናገር' ብለውኝ ነበር።"

አልካዱም።

"በእጅ የሚሞላ ነው" አልኩ ለእንግዶቹ። "ያው ያመጡት ዕለት ነግረውኛል። 'አውቶማቲክ ነው ብዬ አሳያቸዋለሁ፤ እስኪ ማን ይለየዋል? አንተ ግን አስረኸው ተራመድ፣ እንዳይጠረጥሩ' ብለውኝ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በቀን ሠላሳ አንድ ሺህ እርምጃ የሄድኩት እናንተን ለመፈተን ነው።"

ከዚያ ጋሼ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት፤ ካርቲየሩ ዘለለ።

"ሳምንት ሙሉ!" አሉ። "ሳምንት ሙሉ ዓይናችሁ ሥር ነበር! አንተ የጨረቃው ሰውዬ፣ ባለፈው ቅዳሜ የት ነበርክ?"

"አሁን ነገርኩዎት እኮ ጋሼ…" አለ ሐኪሙ፣ ትክክል የሆነበት ጥፋት የቱ እንደሆነ እየፈለገ።

"ሳምንት ቆይተህ! ጥርስም እንዲህ ነው የምታክመው? በሽተኛው ከሞተ በኋላ?"

ጠበቃዋ እያጨበጨበች ሳቀች። ከመሳቋ በፊት ግን እኔን አንዴ በዓይኗ ገረፍ አድርጋኝ አለፈች፤ ሥራዋ ነውና የተሰፋ ምስክርነት ታውቃለች። ከመስኮቱ በኩል መኪናው እንደገና መስፋት ጀመረ።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍነው እኛ እናውቃለን። ቁልፎቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ተፋጠጥን። ባለቤቴ ክሮቿን በየቀለማቸው ጠቀለለች፣ መልሳ ፈታቻቸው። እኔ ሦስቷን እርምጃ ስመላለስ ዋልኩ። ማንም አልመጣም።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። ግቢውን በእግራቸው አቋርጠው ሲመጡ ያየው ዘበኛ ከወንበሩ ተነሥቶ ቀርቷል። ፓቴኩ እጃቸው ላይ ነው። ጀርባቸውን ሰጡኝና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትከሻቸው ትንሽ ትንሽ ይነቃነቃል፤ ያቺ ድምፅ ተሰማችኝ። ክርክር፣ ክርክር፣ ክርክር። ሲጨርሱ ዞሩና ሰዓቱን ቀኝ እጄ ላይ አሰሩልኝ።

"ተራመድ" አሉ።

"ጋሼ፣ ለዚህኛው እንኳ መራመዱ…"

"አውቃለሁ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቆመህ ሳይህ ያቺ ቅዳሜ ትመጣብኛለች። ቤቱ ያንተ ነው፤ ማንም አይነካብህም። ብቻ አትቁም።"

ልጃችን በዚያው ሳምንት ሐሙስ ተወለደች። ጮክ ብላ ነው የመጣችው፣ እስካሁንም ጮክ እንዳለች ናት። የምትተኛው እኔ ደረቴ ላይ አድርጌ ስራመድ ብቻ ነው። በግራ ሮሌክሱን፣ በቀኝ ፓቴኩን፣ በመሐል እሷን ይዤ ግቢውን እዞራለሁ። ባለቤቴ በመስኮቷ ታየኛለች፤ ፔንዱለም ማለቱን ትታለች፣ አሁን "ሁለቴ ዙርና ለእኔ ስጠኝ" ነው የምትለው። ዘበኛው ባለፍኩ ቁጥር ካሲዮውን አይቶ ሰዓት ይነግረኛል። አንዳንዴ አጥሩ ጥግ ስደርስ ይደክመኝና እስኪ አንዴ ልቁም እላለሁ። ልክ ስቆም ሁለቱም ይነቃሉ፤ እሷ በልቅሶ፣ ጋሼ በመስኮት።